ሦስተኛው ክምር

ሰኞ፣ 2

ይህ ደብተር የተሠራው ለድንጋይ ነው። በየገጹ ራስ ላይ «ናሙና»፣ «ውጤት»፣ «ፈታሽ» የሚሉ ቃላት ታትመውበታል። መስመሩ ጠማማ ሆኖ ስለታተመ ላቦራቶሪው ሊጥለው ሲል እኔ ወሰድኩት። ጠማማ መስመር አይከብደኝም፤ ቀጥ ያለውም ላይ ጠማማ ነው የምጽፈው።

ዛሬ አለቃዬ ጠራኝና «ከእንግዲህ ፈታሽ የሚለው ቦታ ላይ አንቺ ትፈርሚያለሽ» አለኝ። አራት ዓመት ወንፊት ሳጥብ፣ ሦስት ዓመት ድንጋይ ስነፋ ኖሬ ነው። «እሺ» አልኩ። ከዚያ ሄጄ ወንፊቶቹን አጠብኩ። እጠቢ ያለኝ ሰው የለም።

ቤት ስደርስ ለእማዬ ነገርኳት። «ለመሆኑ ፊርማ አለሽ?» አለችኝ። የለኝም ለካ! ማታ ሁለት ገጽ ሙሉ ፊርማ ስለማመድ አመሸሁ። አንዱ የተጠቀለለ ሽቦ ይመስላል፤ ሌላው ትል። ትሉን መረጥኩ።

ረቡዕ፣ 4

አሁን የምንፈትነው ከአስፋልቱ በታች ለሚነጠፈው ውኃ ማፋሰሻ የሚሆነውን ጠጠር ነው። እማዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። አስፋልት የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውኃ ይገባል። የገባው መውጫ ካጣ መንገዱን ከሥር ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ከሥሩ አፈርም ደቃቅም የሌለበት የጠጠር ንጣፍ ይደረጋል፤ ውኃው በጠጠሮቹ መሃል ሾልኮ ወደ ጎን ቱቦ ይወጣል።

«አፈር ከሌለው ታዲያ ምን አያይዞት ይቆማል?» አለችኝ።

ሰማንያ ዓመቷ ነው። ጥያቄው ግን የመሐንዲስ ነው። ጥርሳቸው ነው የሚያያይዛቸው አልኳት። የተሰበረ ድንጋይ ማዕዘን አለው፤ እርስ በርሱ ተናክሶ ይቆማል። ክብ ድንጋይ የሚናከስበት ስለሌለው ይንከባለላል።

«እንደኔ በይኛ» አለች ድዷን እያሳየች።

ወንፊት የሚለካው መጠን ነው። ክቡም የተሰበረውም በዚያው ቀዳዳ ያልፋል። ቅርጹን የምለካው እኔ ነኝ፣ በጣቴና በዓይኔ። አንድ በአንድ እያነሣሁ አገላብጣለሁ፦ ሁለት ፊቱ የተሰበረ ወደ ቀኝ፣ ክቡ ወደ ግራ። ከመቶው ዘጠና የተሰበረ ከሆነ ያልፋል። ያልለየለት ደግሞ መሃል ላይ፣ ሦስተኛ ክምር ይሆናል።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከዕቃ መጠቅለያ ላይ ነው ያገኘሁት። ከመጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ነው፣ ያውም የላይኛው ግማሽ። «መወሰን ያልተቻለው ድንጋይ በሦስተኛ ክምር ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ክምር» ይልና ያልቃል። የቀረውን ከራሴ ሞላሁት። ያልተፈረደበት ጥፋተኛ አይባልም ብዬ ከተሰበሩት ጋር እቆጥረዋለሁ። አለቃዬን ልጠይቀው እችል ነበር። ግን ከመጠቅለያ ወረቀት መማሬን ሊያውቅብኝ ነው።

የተሰበረ 93፣ ክብ 4፣ ያልለየለት 3። ፈረምኩ። ትሉ አምሮበታል።

ቅዳሜ፣ 7

የዛሬው ናሙና ሲታጠብ ከትሪው ሥር የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወጣ። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም፤ ነጭ፣ ጥምዝምዝ ያለ። ከተራራ ተፈልጦ፣ በክሬሸር ተፈጭቶ የመጣ ድንጋይ ውስጥ እንዴት እንደገባ እንጃ። ዝናብ አምጥቶት ይሆናል። (ዝናብ ካየን አምስት ወር ሆነን።) እንግዲያው ንፋስ ይሆናላ።

ቤት ወስጄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ያምራል።

የተሰበረ 81፣ ክብ 6፣ ያልለየለት 13። ሲደመር 94። ፈረምኩ።

ሐሙስ፣ 12

ጠጠሩን ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ በገልባጭ መኪና ከሚያመላልሱት ሾፌሮች አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከእኔና ከእማዬ ጋር ነው የሚኖረው። በቀን ሦስት ጊዜ ይመላለስ የነበረው ሰውዬ ከሰሞኑ ስድስት ሆኗል።

«ካባው ተጠጋ እንዴ?» አልኩት።

«መንገዱ ተሻሻለ፣ እታለም።»

መንገዱን የምንሠራው እኛ ነን፤ ገና አስፋልት እንኳ አልለበሰም። ቢሆንም «እሰየው» አልኩ።

እማዬ በር ላይ ያወለቀውን ጫማ በከዘራዋ ነካ አድርጋ «ይሄ ልጅ መኪና ነው የሚነዳው ወይስ ዓሣ ነው የሚያጠምደው?» አለች። ጫማው ርሷል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ደለል ነው። ሱሪውን አጠብኩለት። ከኪሱ አንድ እፍኝ አሸዋ ወጣ።

ሾፌር ሆኖ መቼም አቧራ አያጣውም።

ማክሰኞ፣ 17

የተሰበረ 64፣ ክብ 9፣ ያልለየለት 27።

ሃያ ሰባት! መነጽር ሳያስፈልገኝ አልቀረም። አንዱን ድንጋይ ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት፤ በአንድ በኩል ጫፉ ላጥ ብሏል፣ የቀረው እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። ተሰብሯል ልበል? ክብ ነው ልበል? መሃል አስቀመጥኩት። እዚያ ጓደኛ አያጣም።

ሲደመር 91። ፈረምኩ። እጄ ላብ ስለነበረው ትሉ ትንሽ ወፈረ።

ደግሞ ዛሬ ደስ የሚል ነገር ሰማሁ። ፎርማኑ ከመስኮቱ ውጪ ቆሞ ለአለቃዬ «እትዬ ወንፊት እያለች ምን ናሙና ይወድቃል!» ሲለው። ሁለቱም ሳቁ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሲያመሰግኑኝ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እራት ላይ ለወንድሜ ነገርኩት። አልሳቀም።

«ሌላስ ምን አሉ?»

«ምንም። አመሰገኑኝ።»

ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

ረቡዕ፣ 18

ናሙና ላነሣ ንጣፉ ላይ ወጣሁ። ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ። ወፍሬያለሁ ማለት ነው። የሮለሩ ኦፕሬተር ከላይ ሆኖ «እትዬ፣ ይሄ ነገር አልተኛ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ ሮለሩ ሲያልፍ ከፊቱ ያብጣል፣ ከኋላው ተመልሶ ይነሣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ብርድ ልብስ ይመስላል።

ውኃ ማፋሰሱ ግን ግሩም ነው። አንድ ባልዲ ቢደፉበት ዓይን ሳይከደን ይጠፋል። ወረቀቱም 91 ይላል። ሮለሩ ይሆናላ ያረጀው።

ዓርብ፣ 20

ወንድሜ ተገለበጠ። ነፍሱ ተርፋለች። ትከሻው ነው። አሁን መጻፍ አልችልም።

እሑድ፣ 22

ዛሬ ትንሽ ተረጋግቻለሁ፤ እንደሆነው ልጻፍ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጭነቱን ሊገለብጥ ንጣፉ ላይ በኋላ ማርሽ እየገባ ነበር። የግራው የኋላ ጎማ ሥር ያለው ጠጠር ሸሸ። ኦፕሬተሩ ነው እንዲህ ያለኝ፦ «አልሰመጠም እትዬ፤ ሸሸ። ሳህን ላይ እንዳለ ሽምብራ።» መኪናው ቀስ ብሎ አዘነበለ፣ ቀስ ብሎ ጎኑ ላይ ተኛ። ጭነቱ ሁሉ ቁልቁል ተንከባለለ። ሰው ከሥሩ አልነበረም፤ ተመስገን። ወንድሜን በመስኮት ነው ጎትተው ያወጡት። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ በጨርቅ ታስሯል።

ፎርማኑ ያኔውኑ «ፈጥኖ ነው» አለ። ወንድሜም በተጠየቀ ጊዜ «አዎ፣ ፈጥኜ ነበር» አለ።

እማዬ ይህን ስትሰማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳቀችበት። «አንተ? አንተ ወደ ኋላ ስትነዳ ቀንድ አውጣ እንኳ ይቀድምሃል!»

ሳላስበው ወደ መስኮቱ አየሁ።

እሷ ስትወጣ ጠየቅኩት። «ድንጋዩ ነው አይደል?»

«ድንጋዩ ዘጠና አንድ ነው። የፈረምሽበት አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«በቃ እንግዲህ። ፈጥኜ ነበር።»

«አንተ ግን አትፈጥንም።»

«እታለም፣ ሾፌር ፈጠነ ቢባል ሌላ ቦታ ይቀጠራል። አንቺን ግን በዚህ ዕድሜሽ ማን…» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምን ሊል እንደነበር አልገባኝም። ሾርባውን አሙቄ አመጣሁለት።

ሰኞ፣ 23

ውሳኔው ደረሰ። «የድንጋዩ ጥራት በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ስለሆነ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው» ይላል። ሐሙስ ይሰናበታል። ሐሙስ አስፋልቱም መልበስ ይጀምራል፤ ዝናብ ሳይገባ እንዲያልቅ ተጣድፈዋል። «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» ማለት እኔ ነኝ። ትሉ ነው።

ወደ ንጣፉ ወርጄ ነበር። ከላይ ደቃቅ በትነው፣ ውኃ ረጭተው አስተኝተውታል። ኦፕሬተሩ «አሁን ተኛልኝ» አለ ደስ ብሎት። ተኝቷል፤ ግን አሁን ደቃቁ ቀዳዳውን ደፍኖታል። አንድ ባልዲ ደፋሁበት። ውኃው ላዩ ላይ ቆሞ ፊቴን አሳየኝ። ሊያየኝ የፈለገ ያለ ይመስል።

ድንጋዩ አይቆምም፤ ውኃው አይወርድም። አስፋልት ለብሶ ደግሞ ማንም አያየውም፣ አንድ ቀን ሰው የሞላው አውቶቡስ እስኪያየው ድረስ።

እኔ ግን ሙያ የለኝም፤ ተሳስቼ ይሆናል። ሌላው ሰው ሁሉ ትክክል ነው ብሏል። ሌላው ሰው ሁሉ ደግሞ ትክክል ነው ያለው እኔ ስላልኩ ነው።

ማክሰኞ፣ 24

ተቆጣጣሪዋ መሐንዲስ ጠዋት ወደ ላቦራቶሪው መጣች። ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ አንቱ ትለኛለች፤ ያ ደግሞ ያስደነግጠኛል። ሚዛኑን ስትሞክረው ጠረጴዛው ተወላወለ። ጎንበስ አለችና አጭሩ እግር ሥር የተወሸቀውን፣ በሲሚንቶ ወረቀት የተጠቀለለውን ነገር ሳበችው።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አለች። ገልጣ አየችው፣ አራገፈችው፣ ጠረጴዛው ላይ ትታው በስልክ ተጠርታ ወጣች።

መጽሐፍ ነው። የድንጋይ መፈተኛ መጽሐፍ። ሦስት ዓመት ሙሉ በላዩ ላይ ስመዝን ኖሬያለሁ።

ገጹን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ግማሹ የተቀደደ አንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው። የእኔን ግማሽ ከቦርሳዬ አወጣሁና ገጠምኩት። ቁስል እንደሚገጥም ገጠመ።

«ሦስተኛው ክምር ከመቶው ከአሥራ አምስት በልጦ ከተገኘ ድንጋዮቹ እንደገና ይደባለቁ፤ ፈታሹ እስኪወስን ድረስም ቆጠራው ይደገም» ይላል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኟም እኔ፣ ወረቀቱም የእኔ፤ ያውም ግማሹ!

ምሳ አልበላሁም። የአሥራ ሰባተኛውን ቀን ናሙና ከከረጢቱ አውጥቼ ደባለቅኩት፤ እንደገና ጀመርኩ። እያንዳንዱ የሚያታልል ድንጋይ ላይ «ወስኚ» እላለሁ ለራሴ። ያ እንቁላል የመሰለው ሲመጣ እጄ እንደ ልማዱ ወደ መሃል ሄደ። መለስኩት። ክብ ነው። ድሮም ክብ ነው። ወንዝ ያለሰለሰው ድንጋይ ነው፣ ጫፉን አንድ ነገር መትቶት ነው እንጂ።

የተሰበረ 66፣ ክብ 31፣ ያልለየለት 3። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። መነጽር አላስፈለገኝም።

ረቡዕ፣ 25

ሌሊቱን ሁሉ ለራሴ የነገርኩት፦ ብናገር ወንድሜ የወንዝ ድንጋይ ጭኖ ማምጣቱ ይወጣል። ዝም ብል ወንድሜ ያለ ጥፋቱ ይባረራል። በየትም ሂጂ፣ የሚገለበጠው እሱ ነው። እማዬ ጠዋት ፊቴን አይታ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ። ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ ጨመረችበት፦ «ምግብም አይገባበትም እንጂ!»

መሐንዲሷን ንጣፉ ዳር አገኘኋት። ሁለቱንም ወረቀት ሰጠኋት፤ የ91ዱንና የ66ቱን። ሁለቱም ላይ ትሌ አለ።

ረጅም ጊዜ አየቻቸው። «የቱ ነው እውነቱ?»

«ሁለተኛው።»

«የመጀመሪያውንስ ማን ነው የሠራው?»

«እኔው ነኝ። ሥርዓቱን ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። መጽሐፉ ጠረጴዛው ሥር ነበር።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልጠየቁም?»

«ብጠይቅ አለማወቄን ታውቁ ነበራ።»

«እትዬ፣ ይሄኮ ሥራዎትን ሊያሳጣዎት ይችላል። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል።»

ጎንበስ ብላ ደቃቁን በጣቷ ገፈፈች። ሥሩ ካለው አንድ አነሣችና አገላበጠችው። ከዚያ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች፣ ወደ ወንዙ አቅጣጫ።

ሰኞ፣ 30

ብዙ ነገር ሆኗል፤ በአጭሩ። የክሬሸሩ መንጋጋ ተሰብሮ ኖሯል። ፎርማኑ ሥራው እንዳይቆም ብሎ ገልባጮቹን ወደ ወንዙ ልኮ ከተሰበረው ጋር እያደባለቀ ያስጭን ነበር። ፎርማኑ ከቦታው ተነሣ። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ንጣፍ ተገፎ ይጣላል። አስፋልቱ ቆመ። ወንድሜ አልተባረረም፤ ግን ገልባጩን ወስደው ትከሻው ሲድን የውኃ ቦቴ ይነዳል ተባለ። እኔ ፊርማዬን ተነጠቅኩ። ወደ ወንፊት ማጠብ ተመልሻለሁ።

አለቃዬ «ለእኔ ሳትነግሪኝ!» አለኝ። ልክ ነው። መጽሐፉን ግን ጠረጴዛው ሥር አልመለሰውም። አሁን ጠረጴዛው ይወላወላል።

ወንድሜ አያናግረኝም። «እታለም» ማለት ትቶ «እሷ» ይላል። «እሷ ጨው ታቀብለኝ» ይላል እማዬን። ጨው አቀብላለሁ።

ቅዳሜ፣ 12

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሮለር የሚነዳው ሰውዬ ብቻ ሰላም ይለኛል። ከሩቁ ካባ የሚመጣው አዲሱ ጠጠር ሲነጠፍ ሄጄ ቆምኩበት። ጫማዬ አልሰመጠም። ያኔ ወፍሬ አልነበረም ማለት ነው። አንድ ጭንቀት ቀነሰልኝ።

እሑድ፣ 20

ዝናቡ ትናንት ገባ። ዛሬ ወንድሜ በደህናው እጁ ጃንጥላ ይዞ፣ ሳይናገር፣ በር ላይ ቆመ። ወጣሁና ከጎኑ ሄድኩ። አስፋልቱ እስከለበሰበት ድረስ በእግራችን ሄድን። ከመንገዱ ጎን ካለው ቱቦ ውኃ ይወርድ ነበር፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ገልባጭ ጭኖ በላዩ አለፈ፤ መንገዱ ምንም አላለም።

ቤት ስንመለስ ጃንጥላውን መስኮቱ ሥር ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ቅርፊቷን አያት። አነሣት።

«ይሄን የወንዝ ቀንድ አውጣ ከየት አመጣሽው?»

«ከናሙናው።»

«መቼ?»

«በሰባት።»

በጣቱ ቆጠረ። እኔ በአሥራ ሰባት ፈርሜያለሁ። መኪናው የተገለበጠው በሃያ ነው። «በሰባት» አለ። «በሰባት ታውቂ ነበር ማለት ነው፣ እታለም።»

ልክድ አፌን ከፈትኩ። ንፋስ፣ ዝናብ፣ መነጽር፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ተሰልፈው ነበር። አንዱም አልወጣ አለኝ።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔማ አፍሼ የጫንኩት!»

እማዬ ከውስጥ ሆና «ምን ያስቃችኋል?» አለች። ትከሻውን ይዞ ሲስቅ ያመው ነበር፤ እኔም እሱን እያየሁ የምስቀው በዓይኔ ነበር፣ በእንባ። ከዚያ ቅርፊቷን ወደ ቦታዋ መልሶ «ጨው አቀብይኝ» አለኝ።

አሁን ሁለቱም ተኝተዋል። ደብተሩ ሊያልቅ አንድ ገጽ ቀርቶታል። ታትሞ የቆየውን ቦታ እስከ ዛሬ ሞልቼው አላውቅም፤ ዛሬ እሞላዋለሁ። ከልካይ የለብኝም።

ናሙና፦ አንድ ቀንድ አውጣ።

ውጤት፦ አውቅ ነበር።

ፈታሽ፦ እኔ። ትሉ ታች አለ።